የግራ እጅ ቋጠሮ

አርባ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ አንድ ወር ሲቀረኝ ነው ካቪያ ኮል አድርጋ የአያቷን ማረፍ የነገረችኝ። ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ውስጥ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ቀይ መብራት ይዞኝ ቆሜ ነበር። «ሰዓዳ አንቲ፣ ታታ ዐረፈ» አለችኝ፤ ታታ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ክላክሱን ለቀቀው። እኔ ግን መሪው ላይ ያለውን ቀኝ እጄን እያየሁ ቀረሁ። ሰው ሞተ ሲሉኝ አለቅሳለሁ፣ «ኢናሊላሂ» እላለሁ፤ እጄን ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

ለምን እንደሆነ እንዲገባችሁ ከመጀመሪያው ልጀምር። ወሬ ከመሃል መጀመር አይሆንልኝም።

ጋሼ ቬሉን ያወቅኳቸው ከዚያ ዓመት ከሁለት ወር በፊት፣ በኮቪዱ ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ነው። ዳውንታውን አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳ ነበር፤ እንግዳ ሲጠፋ ሌይኦፍ አደረጉንና ሆም ኬር፣ በሽተኛን ቤቱ ሄዶ መንከባከብ፣ ገባሁ። ኤጀንሲው የሰጠኝ ወረቀት ላይ «ወንድ፣ ሰባ ስድስት ዓመት፣ ስትሮክ፣ ቀኝ እጅ አይሠራም፣ ጠባይ አስቸጋሪ» ይላል። የመጨረሻዋን ሳነብ ሳቅሁ። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ አስቸጋሪ ሽማግሌ በጨዋታ ካልተረታ በምንም እንደማይረታ አውቃለሁ።

ቤቱ የልጃቸው የኩማር ነው። ኩማር የኮምፒውተር ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ሥራውም ስብሰባውም ቤዝመንት ውስጥ ነበር። ሚስቱ ሆስፒታል ስለምትሠራ ቀን ቀን ቤት የለችም። ካቪያ አንድ ልጃቸው ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ዩኒቨርሲቲው በዙም ሆኖባት ከነፒጃማዋ ክላስ የምትከታተል። ጋሼ ቬሉ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከታች ነጭ ሽርጥ፣ ከላይ የልጃቸው ወፍራም ሹራብ። ሽርጡን ሳይ ደሴ ያሉትን አባቴን ያየሁ መሰለኝ። ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ላይ እንደ ሰው አደራ አስቀምጠውታል።

ቴራፒስቷ በቀን ሦስት ጊዜ እንዲጨብጡት ትታላቸው የሄደች የጎማ ኳስ ነበረች። አቀረብኩላቸው። ኳሷን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ወርውረሽው ሮጬ እንዳመጣልሽ ነው?» አሉኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ሮጠው ካመጡማ እኔ ሥራ አጣሁ!»

ሳቁ። ካቪያ ከሌላ ክፍል ብቅ ብላ አየችን፤ ለካ ከስትሮኩ ወዲህ ሳቃቸው አልተሰማም ነበር። «ጋሼ ያልሽኝ ምንድን ነው?» አሉኝ። በእኛ አገር የምናከብረውን ታላቅ ሰው እንዲህ እንደምንለው ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና «ፖስታ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ስሠራ ማንም እንዲህ አላለኝም። እንዲሁ ይሁን» አሉ። እንግሊዝኛቸውን የተማሩት እዚያ ፖስታ ቤት ነው። ግን ፖስታ ቤቱ እንጀራቸው ነበር እንጂ ሥራቸው አልነበረም። ሥራቸውን ያወቅሁት በሁለተኛው ሳምንት፣ ጥፋት ካጠፋሁ በኋላ ነው።

ጎረቤቴ በረንዳዋ ላይ የተከለችውን ማሪጎልድ የሚሉትን ብርቱካንማ አበባ ለምኜ፣ ደስ ይበላቸው ብዬ አንድ እቅፍ ይዤላቸው ሄድኩ። ማስኬን ዝቅ አደረግሁና አበባውን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ሳብ አደረግሁት። «እዩማ ጋሼ፣ ሽታው!» ብዬ ዘረጋሁላቸው። ሊቀበሉኝ የተነሳው ግራ እጃቸው መንገድ ላይ ቆመ፤ ተመለሰ። «እዚያ አስቀምጪው» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ከፋኝ፤ ሰው ነኝ። ጥቁር ስለሆንኩ ነው? ሂጃቤ ነው? ኪችን ገብቼ የታጠበውን ሳህን እንደገና አጥብ ጀመር፤ ሳህኑን ሳንኳኳው ካቪያ መጣች። የሆነውን ነገርኳት። አፏን በእጇ ያዘች።

«አሸተትሽው?»

«አበባ አይደል እንዴ! ምን ላድርገው?»

«አንቲ፣ ችግሩ አንቺ አይደለሽም» አለች እየሳቀች፣ «አፍንጫሽ ነው።»

ጋሼ ቬሉ ከሳሎን ጠሩኝ። አጠገባቸው አስቀመጡኝና በዝግታ፣ እንደ ፖስታ ቤት ሰው ቃል በቃል አስረዱኝ። ቤተሰባቸው ከአባት ወደ ልጅ የአበባ ጉንጉን ሠሪ ነው፤ ለሠርግ ለድግስ አይደለም፤ በደቡብ ሕንድ ወንዝ ዳር ላለ አንድ ሺህ ዓመት ላለፈው የሂንዱ ቤተ መቅደስ ነው። ለአምላካቸው የሚቀርብ አበባ አይሸተትም። ያሸተተው ሰው አበባውን ተቀብሎታል፤ የተቀበሉትን ደግሞ መልሶ መስጠት የለም። እናታቸው ጃስሚን የሚለቅሙት አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ ጨርቅ አስረው ነበር።

«ዛሬ ዓለም ሁሉ አፍንጫውን ሸፍኖ ሲሄድ በመስኮት አያለሁ» አሉኝ። «ሁሉም አበባ ሊያስር የሚሄድ ይመስለኛል።» ከዚያ እቅፉን በግራ እጃቸው አንስተው ሰጡኝ። «ይሄ የአንቺ ነው። ፊቴን ያዞርኩት ልማድ ነው፤ በአንቺ አይደለም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

እኔ ብዙ ቤት ሠርቻለሁ። ይቅርታ የጠየቀኝ የቤት ባለቤት እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው።

ከዚያ ወዲያ ወሬያችን ስለዚያ ቤተ መቅደስ ሆነ። እኔ ታሪክ መስማት እወዳለሁ፤ ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ነው የተውኩት፣ ከዚያ በኋላ ያወቅሁትን ሁሉ ሰው አፍ ስር ቁጭ ብዬ ነው ያወቅሁት። ጋሼ ቬሉ ደግሞ ሲያወሩ ግንቡን ፊቴ ያቆሙታል። ከመግቢያው በላይ ያለው ማማ ጠዋት ጥላው ገበያው ላይ ያርፋል፤ ነጋዴው በጥላው ሰዓት ያውቃል። ጎሕ ሲቀድ አምላካቸው በከበሮና በረጅም ጡሩንባ ይቀሰቀሳል፤ ያኔ ጉንጉኑ ታስሮ በር ላይ መድረስ አለበት። በዓመት በዓል ቀን ከቤት የሚበልጥ የእንጨት ሠረገላ በገመድ ይጎተታል፤ ገመዱን ዳኛውም ዓሣ አጥማጁም እኩል ይይዘዋል።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የድንጋዩን ነገር ነው። የቤተ መቅደሱ ግድግዳ ከእግሩ እስከ ወገቡ ጽሑፍ ነው አሉኝ፤ ማን ምን እንደሰጠ ተቀርጾበታል። አንዱ ለመብራት የሚሆን ቅቤ እንዲወጣ ዘጠና ስድስት በግ ሰጥቷል፤ «የማይሞቱ፣ የማያረጁ በጎች» ይላል ድንጋዩ።

«ጋሼ፣ ወሎ በግ አገር ነው» አልኳቸው። «የማይሞት በግ ለእኔ አይነገርም።»

ጭናቸውን መቱ። ሲያወሩ ወሬው ጣፋጩ ቦታ ሲደርስ ጭናቸውን በግራ እጃቸው ቸብ የማድረግ ልማድ ነበራቸው። «አንዷ ስትሞት እረኛው ግልገሏን ይተካል። ዘጠና ስድስቱ ሁልጊዜ ዘጠና ስድስት ናቸው። ታዲያ የትኛዋ በግ ሞተች?»

ማታ ቤት ስገባም እያሰብኳት ነበር።

በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ደግሞ አንዲት ሴት አለች፤ የቤተ መንግሥት ወጥ ሠሪ ነበረች። ለጉንጉን የሚሆን የአበባ ቦታ ሰጥታ፣ «ፀሐይና ጨረቃ እስካሉ ድረስ ይታሰር» ብላ አስጽፋለች። እዚያ ቦታ ላይ አበባ እንዲተክልና እንዲያስር የተቀጠረው ሰው የጋሼ ቬሉ የዘር አባት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉንጉኑን የማሰር ተራው ከቤታቸው ወጥቶ አያውቅም። ጦር መጥቶ ሄዷል፣ ወንዙ ሞልቶ ከተማውን ጠርጎታል፣ ንጉሥ በንጉሥ ተተክቷል፤ ጉንጉኑ አንድ ቀን አልቀረም። ይህን ሲነግሩኝ ያ የደከመ ወገባቸው ቀጥ ይላል።

ተራው አሁን በአጎታቸው ልጅ እጅ ነበር፤ ልጅ የሌላቸው ሽማግሌ ናቸው። ቤተ መቅደሱ በየአሥራ ሁለት ዓመቱ ይታደሳል፤ ውኃ በእንስራ ማማው ጫፍ ድረስ ወጥቶ ከላይ ይፈሳል። የሚቀጥለው እድሳት በ2022 ጸደይ ነው። የዚያን ቀን ጉንጉን በቤታቸው ቋጠሮ፣ ከቤታቸው ሰው እጅ ካልቀረበ፣ ተራው ለገበያ ነጋዴ ይሄዳል፤ ነጋዴው ደግሞ በመርፌ ይሰካል እንጂ አያስርም። የጋሼ ቬሉ ቋጠሮ መርፌ አያውቅም። ክር በጣት ላይ ብቻ ነው፤ አበባው ሳይወጋ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይታሰራል።

«ታዲያ ልጅዎ?» አልኳቸው።

ኩማር እዚያው ቆሞ ውኃ ይቀዳ ነበር። «እኔ ረስቼዋለሁ» አለ ቶሎ ብሎ። «አሥር ዓመቴ ነበር ሰዓዳ። ጣቴ በአበባ ጭማቂ ቢጫ ሆኖ ትምህርት ቤት ስገባ ልጆቹ ምን ይሉኝ እንደነበር አታውቂም። አፓ፣ ከገበያ ይታዘዝ። አበባ አበባ ነው።»

አፓ አባት ማለት ነው። ኩማር ደረጃውን ወርዶ ቤዝመንቱ ገባ።

በማግሥቱ ሳሎን ስገባ ጋሼ ቬሉ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ከአገራቸው ያመጡትን ከሙዝ ግንድ የተላጠ ክር ዘፍዝፈው ጠበቁኝ። «በቀኜ በኩል ተቀመጪ» አሉኝ። «ቀኝ እጅሽን አበድሪኝ።»

ፈራሁ፤ እውነቱን ልናገር። ሙስሊም ነኝ። ፊቴን አይተው ገባቸው። «የምፈልገው እጅሽን ነው፣ ሃይማኖትሽን አይደለም። አንቺ ታስሪያለሽ፤ ማቅረብ የእኛ ነው» አሉኝ። እኚህ ሰው የዙሁር ሶላት ሰዓት ሲደርስ «ሰዓትሽ ነው» ብለው ወንበራቸውን እንዳዞርላቸው የሚያዙ፣ ረመዳን ሲገባ ደግሞ እኔ ፊት እህል አልቀምስም ብለው መኝታ ቤታቸው የሚበሉ ናቸው። ተቀመጥኩ።

የእሳቸው ግራ እጅ ክሩን ወጥሮ ይይዛል፣ አበባውን ጥንድ አድርጎ ይደረድራል፣ በአውራ ጣት ይጫናል፣ በልኩ ለቀቅ ያደርጋል። የእኔ ቀኝ እጅ ክሩን በሁለት ጣት አዙሮ፣ አሾልኮ፣ ይስባል። ሁለት ሰው ሆነን አንድ ሰው ሆንን ማለት ነው። የመጀመሪያ ቀን አንድ ስንዝር አልሞላንም። ባላላሁ ቁጥር «እንደገና» ይላሉ። ቁጣ የለበትም፣ ምስጋናም የለበትም። እንደገና። ፈትቼ እንደገና። አንዴ አናዶኝ «ጋሼ፣ እሷ ወጥ ሠሪ ይሄን ሁሉ አስባ ነው ቦታውን የሰጠችው?» ብላቸው፣ «እሷ ቦታውን ነው የሰጠችው፤ እንደገናውን የጨመርነው እኛ ነን» አሉ።

የበረዶው ክረምት ሲገባ አበባ ጠፋ። ሽንኩርት ቅጠል ላምጣ ብል ሽንኩርት ለዚህ ነገር አይነካም አሉ። ፎሶልያ አመጣሁ። ጣት በምታክል እየቆረጥን ፎሶልያ ስናስር ከረምን። ሳህን ሙሉ የፎሶልያ ጉንጉን ለምን ይጣላል ብዬ ቤት እወስደዋለሁ። አንድ ቀን አብራኝ የምትኖረው እህቴ ዘይነባ ወጥ እየበላች ከአፏ ክር ጎትታ አወጣች።

«ሰዓዳ! ይሄ ምንድን ነው?»

ነገርኳት። ሹካዋን አስቀመጠች። «ለጣኦት ያሰርሽውን ነው የምታበይኝ?»

«ለጣኦት አይደለም፤ ልምምድ ነው።»

«ሰው ኦሃዮ መጥቶ ነርስ ይሆናል፣ የእኔ እህት ፎሶልያ ትጎነጉናለች!» አለች። በኋላ ለእናታችን በስልክ ስትነግር ግን ሰማኋት፤ «ሺህ ዓመት የቆየ ሙያ ነው አሉ፤ የእኛዋን ነው የመረጧት» እያለች ነበር።

አንዴ ጋሼ ቬሉን «ግራውንም ያስተምሩኝ እንጂ» አልኳቸው። «ቀኙን ጨርሺ» አሉኝ። ከወር በኋላ ደግሜ ጠየቅሁ። «ቀኙን ጨርሺ።» እኔም ተውኩት። ግራው እሳቸው ዘንድ አለ፣ ምን ቸገረኝ ብዬ።

ጃንዋሪ ላይ ኮቪድ ያዘኝ። ሦስት ሳምንት ከቤት አልወጣሁም። ስመለስ ወንበሬ ላይ ካቪያ ተቀምጣለች፤ ፒጃማዋን ለብሳ፣ ላፕቶፑ ወለሉ ላይ ክፍት ሆኖ መምህሩ ለራሱ ያወራል። በዚያው ሦስት ሳምንት መጀመሪያ የአጎታቸው ልጅ ሕንድ ውስጥ በዚሁ በሽታ ሞተዋል። ተራው ባዶ ሆነ፤ እስከ እድሳቱ ድረስ የዕለቱን ጉንጉን ነጋዴ ያቀርባል። ካቪያ መርዶው በመጣ ጠዋት ማንም ሳይጠራት ነው መጥታ የተቀመጠችው።

ልዋሽ አልችልም፣ ቀናሁ። ያሰረችውን አንስቼ ሳብ አደረግሁት። «ይሄ ላላ ይላል» አልኩ።

«አንቲ፣ ገና ሦስት ሳምንቴ ነው!»

«እኔ በሦስት ሳምንቴ እንዲህ አልነበርኩም።»

«ከዚህ የባሰ ነበር» አሉ ጋሼ ቬሉ፣ ጭናቸውን ቸብ አድርገው።

እሷ እያሰረች እኔ ከኋላ ቆሜ «ጣትሽን አጥብቂ» የምል ሆንኩ። ሰኔ ሲደርስ የካቪያ ቋጠሮ ከእኔ በለጠ። ጓሮ የዘሩት ማሪጎልድ አብቦ፣ ልጅቷ ማስኳን አድርጋ እየለቀመች፣ አያትና የልጅ ልጅ ሳሎኑን ብርቱካንማ አደረጉት። ኩማር ሲወጣ ሲገባ እያየ ያልፋል።

አንድ እሑድ ጠዋት ከቤተ መቅደሱ ሽማግሌዎች አንዱ በቪዲዮ ደወሉ። ተራው ይቀጥላል ወይ ብለው ነው። ጋሼ ቬሉ ካቪያን ከጎናቸው አስቀመጧት። ንግግሩ በቋንቋቸው ስለሆነ አልገባኝም፤ ግን የሽማግሌው ፊት ሲጨማደድ፣ የካቪያም አንገት ሲሰበር አየሁ። «ሴት ልጅ?» ብለው ነው ለካ። «ይሄ ተራ በሴት እጅ ሄዶ ያውቃል?»

ጋሼ ቬሉ ድምፃቸውን አልጨመሩም። አንዲት ነገር ተናገሩ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ጠጋ ብዬ አየሁ፤ አልተቋረጠም። በመጨረሻ ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና ሳቅ አሉ።

ሲዘጋ ካቪያ እንባዋ እየወረደ ተረጎመችልኝ። «ስልክህን ይዘህ ወደ ሰሜኑ ግድግዳ ሂድ» ብለዋቸው ነው። «ቦታውን የሰጠው ሰው ስም ማን እንደሚል አንብብልኝ። ያቺ ስም ከግድግዳው ከወጣች የልጅ ልጄም ትቀራለች።»

እኔ ዘመድ አይደለሁም፤ ግን በዚያ ቀን የደረቴ ስፋት ሌላ ነበር። ወደ ሥራ ስሄድ መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሐበሻ ሁሉ አቁሜ ልነግር ምንም አልቀረኝም።

ኖቬምበር ላይ ሁለተኛው ስትሮክ መጣ። ጠዋት ቤተሰቡ ልብስ ሊያለብሷቸው ሲገቡ አልነቁም፤ ሆስፒታል ሦስት ቀን ቆዩ። እኔ ያን ሳምንት ኤጀንሲው ሌላ ቤት ስለላከኝ አልደረስኩም። ካቪያ የደወለችልኝ ያኔ ነው፤ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ እጄን እያየሁ የቀረሁት።

ለካ እጄን ያየሁት በከንቱ አልነበረም። በልማዳቸው የሟች ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ጉንጉን ይደረግለታል። የፎቶው ቀን ሄድኩ። ፎቶው ወንበር ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ከፊቱ ከሱቅ የመጣ፣ በመርፌ የተሰካ ጉንጉን ሳጥኑ ውስጥ አለ። ካቪያ እሱን በእግሯ ገፋ አድርጋ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፤ ዙሪያዋን ነጭ አበባና ክር። ቀኝ እጇ ያውቃል። ይዞራል፣ ያሾልካል፣ ይስባል። ግራዋ ግን ክሩን መወጠር አልቻለም፤ አበባው ይበተናል። ፈታች፣ ጀመረች፤ ተበተነ።

ቀና ብላ አየችኝ። «ሰዓዳ አንቲ፣ ግራውን ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። ዓመት ሙሉ ቀኙን ብቻ ነው የሠራሁት። እሷም እንደዚሁ። ግራው የጋሼ ቬሉ ነበረ፤ ጋሼ ቬሉ ደግሞ ይዘውት ሄዱ። ሁለታችንም እጃችንን ዘርግተን ተያየን። ሺህ ዓመት ያልቀረ ነገር እኛ ላይ፣ በእኛ ግማሽ እውቀት ሊቀር ነው። «ዩቲዩብ ላይ ፈለግሁ» አለች፣ «የገበያው አስተሳሰር ሞልቷል፤ የእኛ የለም።» ቃሏን ሳትጨርስ አለቀሰች። እኔም ያዝ አድርጌያት አለቀስኩ።

ኩማር ከኪችን ወጣ። ለአባቱ ሐዘን ጸጉሩን ተላጭቷል፤ ድንገት ሲታይ ቁርጥ አባቱ ነው። ወለሉ ላይ በልጁ ግራ በኩል ተቀመጠ፤ ክሩን አነሳ፣ በግራ እጁ ትንሽ ጣት ላይ አንዴ ጠመጠመ፣ ወጠረ። አበባ ጥንድ አድርጎ ደረደረ፤ በአውራ ጣቱ ተጫነ። ካቪያ በቀኟ አዞረች፤ አሾለከች፤ ሳበች። ላላና ተበተነ።

ኩማር አበባውን መልሶ ለቀመ። «እንደገና» አለ።

እኔ ዞር አልኩ። ቃሉ ከአባቱ አፍ የወጣ መሰለኝ። በአራተኛው ያዘ። ከዚያ በኋላ አልተበተነም፤ ጣቶቹ ከእሱ ቀድመው እያስታወሱ ነበር። ጉንጉኑ ፎቶው ላይ ሲወጣ ጠየቅሁት። «ረስቼዋለሁ አላልክም ነበር?»

«ብያለሁ» አለኝ፣ ፎቶውን እያየ። «አፓ አላመነኝም። ሁለታችሁንም ግራውን አላስተማራችሁም አይደል?»

ቀኙን ጨርሺ፣ ቀኙን ጨርሺ ያሉኝ ትዝ አለኝ። አስበውበት ይሁን አይሁን አሁንም አላውቅም። ቢያስቡበት ግን የሚገርመኝ አይደለም፤ ሰውየው የማይሞት በግ ያስቆጠሩኝ ሰው ናቸው።

ኩማር ከሥራው ፈቃድ ወስዶ በጸደይ ከካቪያ ጋር ሄደ። በእድሳቱ ዋዜማ አባትና ልጅ የሰሜኑ ግድግዳ ስር ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ ግራው የእሱ፣ ቀኙ የእሷ ሆኖ ጉንጉኑን አስረው ጎሕ ሳይቀድ በር ላይ አደረሱት። ኮሎምበስ በተመለሱ በሁለተኛው እሑድ ኩማር ቤዝመንቱ ውስጥ ሁለት ወንበር አቀረበ፤ ካቪያን በግራው በኩል አስቀመጣት፤ ቀኝ እጁን ሰጣትና ግራውን ያስተምራት ጀመር።